ስሙ “እጅግ ቀላል”፣ ክብደቱ ሁለት ቶን!

አበው “ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይላሉ። እንግዲያው ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ከተማ ተቀምጦ፣ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ጀርባ ላይ “እጅግ ቀላል” የሚል ስም የሚለጥፈው መልአክ የትኛው ይሆን? ወይስ መልአኩ ሚዛን ማንበብ አይችልም?

የምንነጋገረው የመርሴዲስ ኩባንያ ከ70 ዓመት በላይ ሲመካበት ስለኖረው፣ ጣራው ስለሚከፈተው የቅንጦት ስፖርት መኪና፣ ስለ “ኤስ ኤል” ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።)

“ደግሞ ብላችሁ ብላችሁ የሀብታም መኪና ላይ ወጣችሁ? እኔ ታክሲ ተሰልፌ እግሬ ሲንቀጠቀጥ እናንተ ስለ ጀርመን ስፖርት መኪና ታወሩኛላችሁ?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ይህን መኪና አንተም አትገዛውም፣ እኛም አንገዛውም። መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህማ ገንዘቡ ሞልቶ የተረፈውም ቢሆን እንደ ልቡ የሚያስመጣው አይደለም።

ግን ቃል የሁሉም ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ቃል ገብቶ፣ ቃሉን በብረት ላይ ጽፎ፣ ከዚያ ውስጡን አራግፎ ስሙን ብቻ ሲሸጥ ዝም ከተባለ፣ ነገ ዳቦውም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም በስሙ ብቻ ይሸጥልሃል። ዳቦው በዚያው በድሮ ስሙ እያነሰ ይመጣል፤ መኪናው በዚያው በድሮ ስሙ እየከበደ ይሄዳል። ዘዴው አንድ ነው። ደግሞም የመኪና ክብደት የባለቤቱ የግል ጉዳይ አይደለም። ክብደቱ ከጋራዥ ወጥቶ መንገድ ላይ ይወጣል። መንገድ ላይ ደግሞ ሁላችንም አለን።

ሁለቱ ፊደሎች ምን ይላሉ?

“ኤስ” እና “ኤል” የሚሉት ፊደሎች ለብዙ ዓመታት ሲያከራክሩ ኖረዋል። አንዱ “የስፖርትና ቀላል” ማለት ነው ሲል፣ ሌላው “የለም፣ እጅግ ቀላል ነው” ሲል ቆየ። በ2017 ግን ከኩባንያው ከራሱ መዝገብ ቤት የተገኘ አሮጌ ሰነድ ክርክሩን ዘጋው። “ዙፐር ላይሽት” ይላል፤ እጅግ ቀላል ማለት ነው።

ልብ በሉ! ይህን ሰነድ ያወጣው ተፎካካሪ አይደለም፣ ክፉ አሳቢ ጋዜጠኛም አይደለም። ራሱ ኩባንያው ነው። “ስሜ እንዲህ ማለት ነው” ብሎ በራሱ አፍ መስክሯል። እንግዲህ እኛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ስምህ እንዲህ ከሆነ ኪሎህ ስንት ነው?

ያኔ ስሙ እውነት ነበረ

ጊዜው 1952 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሰባት ዓመቱ። በሩዶልፍ ኡሌንሃውት የሚመሩት መሐንዲሶች የእሽቅድምድም መኪና ሥሩ ሲባሉ አዲስ ሞተር አልተሰጣቸውም። እጃቸው ላይ የነበረው “300” ከሚባለው፣ ቻንስለር አደናወር ይሄዱበት ከነበረው ትልቅ የቤት መኪና የተወሰደ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ 3 ሊትር ሞተር ነው። ጉልበቱ 180 ፈረስ እንኳ አይሞላም። ፌራሪና ጃጓር በጉልበት ይበልጡታል።

ታዲያ ምን አደረጉ? ጉልበት መጨመር ካልቻልን ሸክም እንቀንስ አሉ። ሻንሲውን ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች እንደ ሸረሪት ድር አያያዙት። ኮፈኑ ዝቅ ብሎ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ሞተሩን በጎኑ አጋደሙት። ላሜራውን ከቀላል ብረት ሠሩት። ዓለም የሚያደንቃቸው እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱ በሮችም ለጌጥ የመጡ አይደሉም፤ የሻንሲው ቱቦዎች በጎን በኩል ከፍ ብለው ስለሚያልፉ እንደ ማንኛውም መኪና በር ለመቁረጥ ቦታ ስላልነበረ ነው። ቅርጹ የመጣው ከችግሩ ነው እንጂ ከሰዓሊ ምኞት አይደለም።

ውጤቱስ? በዚያው በ1952 የፈረንሳዩን የሌማን የ24 ሰዓት ውድድር አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። በዓመቱ መጨረሻ ሜክሲኮን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያቋርጠው ውድድርም፣ ጥንብ አንሳ አሞራ የፊት መስታወቱን ሰብሮ ጋቢና ገብቶባቸው እንኳ፣ እንደገና አንደኛና ሁለተኛ! ባለ ብዙ ፈረሶቹ ከኋላ ቀሩ።

በ1954 ኒው ዮርክ ላይ ለገበያ የቀረበው 300 ኤስ ኤል 215 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቤንዚኑን በካርቡሬተር ሳይሆን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በመርጨት ከባለ አራት ምት የገበያ መኪኖች የመጀመሪያው ነው። ክብደቱ ወደ 1,300 ኪሎ። 1,400 ብቻ ተሠርቶ በ1957 ቦታውን ጣራው ለሚከፈተው ለቀቀ። ለገበያ የቀረበው ክፍቱ 300 ኤስ ኤል ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጣራ ሲቆረጥ

ፍርደ ገምድል እንዳንባል የሌላውንም ወገን እውነት እንናገር። ክፍት መኪና መሥራት ከባድ ነው። የጫማ ካርቶን አንሱ። ክዳኑ ላዩ ላይ ተጣብቆ ሳለ በሁለት እጃችሁ ልታጣምሙት ሞክሩ፤ አሻፈረኝ ይላል። ክዳኑን ቆርጣችሁ ጣሉትና እንደገና አጣምሙት፤ እንደ ጨርቅ ይጠማዘዛል። መኪናም እንዲሁ ነው። ጣራው ሲነሳ አካሉ ይላላል፤ ጉድጓድ ሲገባ መሪው ይርገበገባል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለመከላከል ወለሉን ማወፈር፣ ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ማጠንከር፣ የመስታወቱን ምሰሶ መደገፍ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ኪሎ ነው። ጣራውን አጥፎ የሚያነሳው ሞተርና ዘይት ደግሞ ሌላ ኪሎ።

ስለዚህ ክፍት መኪና ከወንድሙ ትንሽ ቢከብድ ማንም አይፈርድበትም። የምንፈርደው “ትንሽ” የሚለው ቃል ሲዘረጋ ሲዘረጋ 700 ኪሎ ሲደርስ ነው።

የኪሎው ጉዞ

በ1963 ጄኔቫ ላይ የወጣውን 230 ኤስ ኤል እንመልከት። ፖል ብራክ የነደፈው፣ ጣራው መሀል ላይ ጎድጎድ ስላለ “ፓጎዳ” የተባለው ነው። 150 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ አሁንም ወደ 1,300 ኪሎ። በወጣበት ዓመት ኦይገን በዩሪንገር ከቤልጅየም ሶፊያ ደርሶ የሚመለሰውን አጥንት ሰባሪ ራሊ አሸነፈበት።

በ1971 የመጣው ወደ 1,550 ኪሎ ገባ። ይህ ሞዴል እስከ 1989 ድረስ ለ18 ዓመት ተሠርቷል። በ1989 በብሩኖ ሳኮ አመራር የተነደፈው ተተኪው መጣ። ቆንጆ መኪና ነው፣ አንክድም። መኪናው ሊገለበጥ ሲል በ0.3 ሴኮንድ ከመቀመጫው ጀርባ ብድግ የሚል የብረት ቅስት ነበረው፤ ይህም የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ግን ወደ 1,800 ኪሎ ተጠጋ። በ2001 ጣራው ከጨርቅ ወደ ብረት ተቀየረ፤ በ16 ሴኮንድ ተጣጥፎ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኪሎው 1,800ን አለፈ። በ2004 ደግሞ 612 ፈረስ የተጫነበት ባለ 12 ሲሊንደር መጣና ሁለት ቶንን ተሻገረ። “እጅግ ቀላል” የሚለው ጽሑፍ ግን ከጀርባው አልተፋቀም።

በ2021 ኩባንያው አዲሱን ኤስ ኤል ኤ ኤም ጂ ለሚባለው የእሽቅድምድም ክፍሉ ሰጠና “ወደ ሥሩ ተመለሰ” ተባለ። እውነትም ጣራው ወደ ጨርቅ ተመለሰ፤ 21 ኪሎም ቀነሰ። እሰየው! ነገር ግን በአንድ እጅ የቀነሱትን በሌላ እጅ መለሱት። ለመጀመሪያ ጊዜ በአራቱም ጎማ እንዲነዳ አደረጉት። ከኋላ ሁለት ትንንሽ መቀመጫ ጨመሩበት። እነዚህ መቀመጫዎች ቁመቱ ከ1.50 ሜትር ለማይበልጥ ሰው ናቸው ይላል ኩባንያው ራሱ። (ለማን ይሆን? ለቦርሳ?) ባለ 585 ፈረሱ ሞዴል ከነጣራው ሁለት ቶን ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ይህ አልበቃ ብሎ በ2023 ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር የተጨመረበት መጣ። ጉልበቱ 816 ፈረስ። ክብደቱ ከሁለት ቶን በላይ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

“ይሮጣል እኮ!”

የኩባንያው ጠበቆች መልስ የታወቀ ነው፦ “ቢከብድስ? ከቆመበት ተነስቶ በ2.9 ሴኮንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ እስከ 317 ይሮጣል፤ የ1954ቱ አጠገቡም አይደርስ።”

ማን አይሮጥም አለ? ድንጋይም ከገደል ሲለቀቅ ይሮጣል። ጥያቄው እንዴት ይታጠፋል፣ እንዴት ይቆማል፣ ነጂው ምን ይሰማዋል ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበርን መኪና ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል። 1,300 ኪሎው 2,000 ሲሆን ፍሬኑ ላይ የሚወድቀው ሸክም ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ኩርባ ላይም ጎማው የሚታገለው ከዚያው ከክብደቱ ጋር ነው። 816 ፈረስ መኪናውን ወደፊት ይገፋዋል እንጂ ኩርባ ላይ አይይዝለትም፤ ቁልቁለት ላይም አያቆምለትም።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ክፉ አዙሪት የሚገለጠው። መኪናው ከበደ፤ ስለዚህ ትልቅ ሞተር ተጨመረ። ትልቁን ሞተር ለማቆም ትልቅ ፍሬን ተጨመረ። ትልቁን ፍሬን ለመያዝ ትልቅ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ተጨመረ። ይህን ሁሉ ለመሸከም አካሉ ተጠናከረ። አካሉ ሲጠናከር መኪናው ከበደ። ስለዚህ እንደገና ትልቅ ሞተር! መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል በዘይት ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ገጠሙለት፤ ለመዞር እንዳይቸገር የኋላ እግሮቹም እንዲታጠፉ አደረጉ። ሁሉም ድንቅ ጥበብ ነው፤ ሁሉም ግን ክብደትን ለመደበቅ የተጨመረ ክብደት ነው። ብድርን በብድር የሚከፍል ሰው መጨረሻው የት እንደሆነ የሰፈር ዕቁብተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይህ ክፍት መኪና መሆኑ ነው። ሰው ጣራ የሚከፍተው አየሩን ሊተነፍስ፣ ፀሐይ ሊሞቅ፣ የሞተሩን ድምፅ ሊሰማ፣ ተረጋግቶ ሊሄድ ነው። ጣራው ራሱ የሚከፈተውና የሚዘጋው ከ60 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ነው። በ317 ፍጥነት ጣራ ከፍቶ የፀጉሩን ማማር የሚያይ ካለ ይቅረብና ይመስክር! በአሜሪካ በሕግ የሚፈቀደው ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት ወደ 137 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱም ቴክሳስ ውስጥ በአንድ የክፍያ መንገድ ላይ ብቻ። ገደብ የሌላቸው የጀርመን አውራ ጎዳናዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በሥራ ሰዓት በካሚዮን የተሞሉ ናቸው። እንግዲህ ገዢው የሚከፍለው ለማይጠቀምበት ፍጥነት ሲሆን፣ የሚያጣው ግን በየቀኑ ሊጠቀምበት የሚችለውን ቅልጥፍና ነው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ

ሁለተኛው መልስ “ደኅንነት ነው ያከበደው፣ ሕጉ ነው” የሚል ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ ግጭትን የሚውጥ አካል ማን አመጣው? ይኸው ኩባንያ፣ በቤላ ባሬኒ አማካይነት። የፊትና የኋላው አካል እየተጨማደደ ግጭቱን እንዲውጥ፣ ሰው የተቀመጠበት መሀሉ ግን እንዲጠነክር ያደረገው ይህ ሰው ነው። ይህ ጥበብ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፖርት መኪና ላይ የዋለው በየትኛው ነው? በ1963ቱ “ፓጎዳ”! ክብደቱስ? 1,300 ኪሎ!

ዛሬ የሚጠየቀው ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ የአየር ከረጢቱም፣ የጎን ግጭቱም፣ ኮምፒውተሩም ኪሎ አለው። ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን ኩባንያው ማድረግ እንደሚችል ራሱ አሳይቷል። በ2012 የወጣው ኤስ ኤል አካሉ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ፣ በብረት ቢሆን ከሚመዝነው 110 ኪሎ ያህል ቀለለ፤ መኪናው በጠቅላላው ከቀዳሚው እስከ 140 ኪሎ ቀነሰ፤ ይባስ ብሎም አካሉ ከበፊቱ የበለጠ ጠነከረ። የዘመኑን የደኅንነት ሕግም አሟልቷል። እንግዲህ ሕጉ ነበር የከለከላቸው? ሲፈልጉ ይቻላል፤ ሳይፈልጉ ነው ሕግ የሚጠቀሰው።

ወደ ሌሎች እንሂድ። የጃፓኑ ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 የተባለውን ትንሽ ክፍት መኪና በ1989 ሲያወጣ ከአንድ ቶን በታች ነበር። በ2015 አራተኛው ትውልድ ሲመጣ ከሦስተኛው ወደ 100 ኪሎ ቀንሶ እንደገና ወደ አንድ ቶን ግድም ተመለሰ። የአየር ከረጢት አለው፣ በአውሮፓም በአሜሪካም ይሸጣል። በ2016 ሚሊዮንኛው ተሠርቷል።

“እሱ የድሃ መኪና ነው፤ ቅንጦት ሲጨመር ይከብዳል” ትሉ ይሆናል። እሺ፣ የሀብታሙን እንጥቀስ። የዱሮውን ማክላረን ኤፍ 1 የነደፈው ጎርደን መሪ በ2023 ያስተዋወቀው ክፍት መኪና ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ተሸክሞ ወደ 1,100 ኪሎ እንዲሆን የተነደፈ ነው። ዋጋው ሰማይ ነው፣ አንክድም። የኤስ ኤል ዋጋስ መሬት ነው እንዴ?

የፍሬኑ ነገር

ክብደት ብቻውን አይመጣም፤ ወንድሙን ውስብስብነትን አስከትሎ ነው። የ2001ዱ ኤስ ኤል በኩራት ይዞት የመጣው አንድ አዲስ ነገር ነበር፦ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ ዘይቱን በቀጥታ አይገፋም፤ ለኮምፒውተር መልእክት ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ፓምፑን ያዛል፣ ፓምፑ ፍሬን ይይዛል። እንደ ንጉሥና እንደ አጋፋሪ መሆኑ ነው።

በ2004 አጋፋሪው እምቢ ሊል እንደሚችል ታወቀ። ኩባንያው 680,000 ያህል የኤስ ኤልና የኢ-ክላስ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ሲስተሙ ቢከሽፍ መጠባበቂያ ነበረው፤ ግን ከድሮው በላይ ጠንክሮ መርገጥ ይጠይቃል። በ2006 ይህን ፍሬን ከኢ-ክላስ ላይ አንስቶ ወደ ተለመደው ተመለሰ። ችግሩን ክብደቱ ፈጠረው አንልም። የምንለው አስተሳሰቡ አንድ ነው ነው፦ ሲቀነስ የሚሻለውን ነገር በመደመር ማሻሻል።

ባትሪው ለማን ነው?

“ዛሬ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ይከብዳል” የሚል ሦስተኛ መልስ አለ። ይህ መልስ እውነተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚሠራ ሰው ያምርበታል። የ816 ፈረሱ ኤስ ኤል ግን በባትሪው ብቻ የሚሄደው 13 ኪሎ ሜትር ነው። ከመገናኛ ጦር ኃይሎች ደርሶ ለመመለስ እንኳ የማይበቃ! ኩባንያው ራሱ ባትሪው ለርቀት ሳይሆን ለጉልበት የታሰበ መሆኑን አልደበቀም። ታዲያ ስለ አየር ንብረት የሚወራው ምንድነው?

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በመሰኪያ የሚሞሉ የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ድብልቅ መኪኖች መንገድ ላይ የሚለቁት ካርቦን በአማካይ ወረቀት ላይ ከተጻፈላቸው 3.5 እጥፍ ሆኖ መገኘቱን አስታውቋል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ጭሱ ግን ያው ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይህን ነው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ባለቤቱ ቤንዚኑን ይክፈል፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። ነገር ግን ሁለት ቶን መኪና ከአንድ ቶን መኪና ጋር ሲጋጭ የፊዚክስ ሕግ ለማን እንደሚያዳላ ይታወቃል። ቀላሉ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ቀላሉ ውስጥ ያለው ሰው የበለጠውን ምት ይቀበላል። ከባዱ ውስጥ ያለው “መኪናዬ ጠንካራ ነው” ብሎ ይመካል። ጥንካሬው ከፊሉ የጎረቤቱ አጥንት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ለእግረኛውማ ምን እንላለን?

ይህን ቀድሞ የነቃው የፓሪስ ሕዝብ ነው። በየካቲት ወር 2024 ከተማይቱ ድምፅ አሰጥታ የከባድ መኪኖችን የማቆሚያ ክፍያ ሦስት እጥፍ አደረገች። ክፍያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሲጀምር በመሀል ከተማ ለእንግዳ መኪና በሰዓት 18 ዩሮ ሆነ። ልኩ ለቤንዚንና ለድብልቅ መኪኖች 1.6 ቶን ነው። ውሳኔው ዒላማ ያደረገው ገደል የሚወጡ የሚመስሉትን ግዙፍ የከተማ ጂፖች ነበር። እንግዲህ “እጅግ ቀላል” ተብሎ የተሰየመው መኪና ፓሪስ ሲገባ ከእነዚህ ጂፖች ጋር ተሰልፎ የከባድ መኪና ክፍያ የሚጠየቅ ሆኗል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ውሻ በበላበት ይጮኻል

ይህ ሁሉ ሲሆን የመኪና መጽሔቶች የት ነበሩ? አዲስ መኪና ሲወጣ ጋዜጠኛው በአምራቹ ወጪ በአውሮፕላን ይጓዛል፣ ባሕር ዳር ሆቴል ያድራል፣ በማግስቱ ፀሐያማ ተራራ ላይ መኪናውን ይነዳል። ከዚያ ይጽፋል። ፈረሱን ይቆጥራል፣ ሴኮንዱን ይቆጥራል፣ የቆዳውን ስፌት ያደንቃል። ኪሎው ግን መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ከጎማው ቁጥር ቀጥሎ ይገኛል። ሁሉም እንዲህ ናቸው አንልም፤ ክብደቱን አንስተው የተቹ አሉ፣ እናመሰግናቸዋለን። ግን ጭብጨባው ትችቱን ውጦታል።

ገዢውም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ፈረስ እየቆጠረ ስለገዛ ፈረስ ሸጡለት። ኪሎ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ኪሎ ይቀንሱለት ነበር።

ምን ይደረግ?

ኩባንያው አቅም አጥቶ አይደለም። 1952ን የሠራው እሱ ነው፤ 1963ን የሠራው እሱ ነው፤ 2012ን የሠራው እሱ ነው። በ2022 እንኳ ባለ 4 ሲሊንደር፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ 381 ፈረስ ያለው ቀለል ያለ ኤስ ኤል አውጥቶ ነበር። እሱም ወደ 1,800 ኪሎ ነው፤ ቢሆንም መንገዱ ወዴት እንደሆነ ያሳያል። በ2023 ግን 816 ፈረሱ መጥቶ መድረኩን ቀማው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። አንደኛ፣ በማስታወቂያው ላይ ከፈረሱ ቁጥር በፊት፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ኪሎው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው ኤስ ኤል ከአሁኑ ቀልሎ ይምጣ፤ ሃያ ኪሎ ከጣራው ቀንሶ መቶውን ከወለሉ ሥር በመጨመር ሳይሆን በሙሉ ሚዛን። ሦስተኛ፣ ይህን የማያደርግ ከሆነ ሁለቱን ፊደሎች ከጀርባው ፍቆ ሌላ ስም ያውጣለት። “ከባድና ፈጣን” ቢለው ማንም አይከሰውም፤ እውነት ነውና።

የሞቱት መሐንዲሶች ያንን ስም ያገኙት ከማስታወቂያ ቢሮ አይደለም። ግራም በግራም እየቀነሱ፣ ከእነሱ የበለጠ ጉልበት ያላቸውን መንገድ ላይ እየጣሉ ያተረፉት ነው። ስሙን መውረስ የሚፈልግ ሥራውንም ይውረስ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ካሉ ደግሞ እኛ ሚዛኑን ይዘን እንጠብቃለን። ሚዛን ጉቦ አይበላም፣ ሆቴል አይጋበዝም። ልብ ያለው ልብ ይበል!